«ቁመትህን ንገረኝ፣ ቁጥሩን ልንገርህ» ለሚለው የብስክሌት ግዢ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚደረጉበትን ውድድር) ለመጀመር የሚፈልጉ የጅማ ወጣቶች ያገለገለ ብስክሌት እንዴት እንደሚገዙ የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቶ ለእኔም ደረሰኝ። ጸሐፊው ስማቸውን ስላልገለጹ እኔም «ጸሐፊው» እያልሁ እቀጥላለሁ። የሚሉትን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ላቅርበው። ብስክሌቱን በሁለት እግር መሀል አድርጎ ሲቆሙ ከላይኛው ቱቦ በላይ አንድ ጭብጥ ክፍተት ከተረፈ ልክ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ልኬት የፈረንጅ ቅንጦት ነው። የገዢው ቁመት ከታወቀ የብስክሌቱ ቁጥር፣ ማለትም የዋናው አካሉ (የፍሬሙ) መጠን፣ ይታወቃል። በሁለት ቁጥር መካከል የሚዋልል ሰው ትልቁን ይውሰድ፤ የቀረውን ኮርቻና መሪ ያስተካክሉታል። ክርን የሚያርፍበት መሪ የሌለው ብስክሌት ለትራያትሎን አይሆንም። ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ፍሬም ከተገኘ ሌላ አይታይ። ጎማ የትም አይጠፋም። ከመክፈል በፊት አንድ ዙር ነድቶ መሞከር ይበቃል።

አስቀድሜ የምስማማበትን ልናገር። ጀማሪ አዲስ ብስክሌት አያስፈልገውም ማለታቸው ትክክል ነው። ትራያትሎን እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ሲጀመር የነበረው ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው፤ ጀማሪዎች የሚገቡበት አጭሩ ርቀት ደግሞ የዚሁ ግማሽ ሲሆን 750 ሜትር፣ 20 ኪሎ ሜትርና 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን ለመጨረስ ሃያ ዓመት ያገለገለ፣ ነገር ግን ጤናማ የሆነ ብስክሌት ከበቂ በላይ ነው። የግዢ ወረቀት የሌለውን ብስክሌት አትንኩ ማለታቸውም ተገቢ ነው። (ዋናውን የት እንደምንለማመድ ጸሐፊው አላነሱም፤ እኔም አላነሳም። ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ እንዳለ ግን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል።)

የምቃወመው ቅደም ተከተላቸውን ነው። ዋጋውን፣ የተሠራበትን ነገርና የመሪውን ዓይነት በሰፊው ዘርዝረው፣ ልኩን በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። በከተማችን ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ፣ ኩሽኔታ የሚለውጥ፣ ራጂ የሚወጥርና ፍሬን የሚያስተካክል ባለሙያ አይታጣም፤ የፍሬምን ርዝመት የሚያሳጥር ወይም የሚያስረዝም ግን ጅማም ሆነ አዲስ አበባ የለም። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ደግሞ ከግዢ በኋላ ሊታረም የማይችለው ነገር ነው።

ስለ አንድ ጭብጥ ክፍተት የሚናገረው ደንብ ከምን እንደመጣ መረዳት ይጠቅማል። የላይኛው ቱቦ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ይሠራ በነበረበት ዘመን ፍሬሙ ከፍ ሲል ርዝመቱም አብሮ ያድግ ስለነበር፣ በእግሮች መሀል የሚተርፈው ክፍተት ስለ ጠቅላላው መጠን ጥቂት ፍንጭ ይሰጥ ነበር። በኋላ ግን ብዙ አምራቾች የላይኛውን ቱቦ ወደ ኮርቻው በኩል ዝቅ እያደረጉ መሥራት ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ለረጅም ሰው የተሠራ ፍሬም እንኳ በአጭር ሰው እግሮች መሀል ያለ ችግር ያልፋል። ይህን በገንዘቤ ነው የተማርሁት። የመጀመሪያውን ብስክሌቴን በስልክ ፎቶ አይቼ ከአዲስ አበባ ስገዛ ሻጩ የጠየቀኝ ቁመቴን ብቻ ነበር። 173 ሴንቲ ሜትር አልሁት፤ ልክህ ነው አለኝ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ተጉዞ ሲደርስ ቆሜበት ብሞክር ክፍተቱ ከአንድ ጭብጥ ይበልጥ ስለነበር ደስ አለኝ። ቁጥሩ ግን 58 ነበር፤ ለእኔ የሚበዛ። በማግስቱ ሰርቦ ደርሼ ስመለስ መዳፎቼ ደንዝዘው፣ አንገቴ ተገትሮ፣ ብርጭቆ ለመያዝ እንኳ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። እየቆየ ይለመዳል ብዬ ሦስት ወር ታገልሁት፤ በመጨረሻ በኪሳራ ሸጥሁት። ቆሞ መሞከር የሚነግረን አንድ ነገር ቢኖር በድንገት ስንወርድ ቱቦው እንደማይመታን ብቻ ነው፤ ትራያትሎን ደግሞ ብስክሌት ላይ ቆመው የሚጨርሱት ውድድር አይደለም።

ቁመትን ብቻ ይዞ ቁጥር መስጠትም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ሁለቱም 172 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ሰዎችን እናስብ። የአንደኛው የእግር ልክ፣ ማለትም ከብሽሽት እስከ ወለል ያለው፣ 77 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የሌላው 83 ነው። በፈረንሳዊው አሠልጣኝ ሲሪል ጊማርና በአሜሪካዊው የብስክሌት ጋላቢ ግሬግ ሌሞንድ ስም የሚታወቀው ስሌት የእግርን ልክ በ0.883 አባዝቶ ከፔዳሎቹ መዘወሪያ ማእከል እስከ ኮርቻው አናት ያለውን ከፍታ ያወጣል። በዚህ ስሌት የአንደኛው ኮርቻ 68፣ የሁለተኛው 73 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። በአንድ ቁመት የአምስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት መጣ ማለት ነው፤ ይህም ሁለት የፍሬም ቁጥር ያህል ነው። እዚህ ላይ ግን ራሴንም ልቃወም፤ የእግር ልክ ብቻውን ቢያዝም ያሳስታል። እግሩ ረጅም፣ ደረቱና ክንዱ አጭር የሆነ ሰው በእግሩ ልክ ከሄደ ከፍ ያለ ፍሬም ይገዛል፤ ከፍ ያለው ፍሬም ረጅምም ስለሆነ መሪው ይርቀዋል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። የእግሬ ልክ 82 ስለሆነ፣ የእግርን ልክ በ0.67 አባዝቶ የፍሬም ቁጥር የሚያወጣው የተለመደው ስሌት 55 ቁጥር ይሰጠኛል፤ ዛሬ ያለ ሕመም የምነዳው ግን 53 ነው።

በፍሬሙ ላይ የተጻፈውስ ቁጥር ምንድን ነው? ጸሐፊው 54 የትም 54 እንደሆነ አድርገው ይጽፋሉ። አንዱ አምራች ኮርቻው የሚገባበትን ቱቦ ከመዘወሪያው ማእከል እስከ ላይኛው ቱቦ መሀል ለክቶ 54 ይላል፤ ሌላው እስከ ቱቦው ጫፍ ይለካና እሱም 54 ይላል። ሦስተኛው ቁጥሩን ትቶ «ትንሽ»፣ «መካከለኛ»፣ «ትልቅ» ብሎ ይለጥፋል። ያገለገለ ብስክሌት ደግሞ እንደገና ቀለም ተቀብቶ ጽሑፉ የጠፋበት ወይም የሌላ ምልክት የተለጠፈበት ሊሆን ስለሚችል፣ በጽሑፉ ከመተማመን ሜትር ማውጣት ይሻላል።

ልኬቱ ቅንጦት ነው ለተባለው ከአንድ ግንበኛ የሚበልጥ ባለሙያ አያስፈልገውም ብዬ እመልሳለሁ። ሜትር፣ ውሃ ልክና ቱምቢ ይበቃሉ። ጎማዎቹ በሚገባ ተነፍተው ብስክሌቱ በተስተካከለ ወለል ላይ፣ የኋላ ጎማው ግድግዳ ነክቶ፣ ሳይጋደል እንዲቆም ይደረጋል። ከዚያ ከግድግዳው እስከ ፔዳሎቹ መዘወሪያ ማእከል ያለው ርቀት ይለካል፤ ቀጥሎም መሪው ከሚገባበት ቱቦ አናት መሀል ቱምቢ ተጥሎ ከግድግዳው እስከ ቱምቢው ክር ያለው ይለካል። የሁለቱ ልዩነት ፍሬሙ ወደፊት ያለው ርዝመት ነው። እነዚሁኑ ሁለት ነጥቦች ከወለሉ ወደ ላይ ለክቶ ማቀናነስ ደግሞ የፍሬሙን የፊት ከፍታ ይሰጣል። በብዙ መካከለኛ የጎዳና ውድድር ፍሬሞች ላይ የመጀመሪያው ወደ 38፣ ሁለተኛው ወደ 55 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ኮርቻው ቢወጣ ቢወርድ፣ ቱቦው ቢያጋድል ባያጋድል፣ ቀለሙ ቢቀየር ባይቀየር አይለወጡም፤ ሁለት ብስክሌቶችን ለማወዳደር ከተለጠፈው ቁጥር የሚሻሉትም ለዚህ ነው። የራሱን ቁጥር የማያውቅ ጀማሪ በሰውነት አቋም ከሚመስለው፣ በብስክሌቱም ከሚመቸው ሰው ተውሶ ግማሽ ቀን ይንዳና ያንን ይለካ። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነም ብስክሌቱን ከግድግዳ አስጠግቶ ሜትሩ እየታየ ፎቶ እንዲያነሳ መጠየቅ ይቻላል፤ ሊሸጥ የፈለገ ሰው ለዚህ አሥር ደቂቃ አይሰስትም።

ከምክሩ ሁሉ ብዙ ሰው ይጎዳል ብዬ የምፈራው «ትልቁን ውሰድ፣ ቀሪውን ኮርቻና መሪ ያስተካክሉታል» የሚለውን ነው። ኮርቻ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ለእግር ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደውም ጉልበት ከፔዳሉ ጋር በሚኖረው አቀማመጥ ይወሰናል። መሪው ስለራቀ ኮርቻውን ወደፊት መግፋት የክንድን ዕዳ በጉልበት ማስከፈል ነው። ሁለተኛው መንገድ መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያገናኘውን አንገት ማሳጠር ነው። በ58 ብስክሌቴ ላይ 12 ሴንቲ ሜትር የነበረውን በ8 ለውጬው ነበር። አራት ሴንቲ ሜትር አተረፍሁ፤ ነገር ግን ረጅሙ ፍሬም በአጭር አንገት ሲመራ ጠባዩ ተለወጠ፤ ከጅሬን ቁልቁለት ስወርድ መሪው በእጄ ውስጥ ይቅበዘበዝ ነበር። ከዚያም ያጠረ አንገት ብፈልግ አላገኘሁም። አሮጌዎቹ ብስክሌቶች ላይ አንገቱ በመሪው ቱቦ ውስጥ ገብቶ የሚጠብቅ ሲሆን አዲሶቹ ላይ ከውጭ የሚቆነጥጥ ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም፤ ስለዚህ «አንገቱን ትቀይራለህ» ማለት በቃል እንጂ በገበያ ቀላል አይደለም። በትልቅ ፍሬም ላይ የሚገጠመው የፔዳል ክንድም ብዙ ጊዜ ረጅም ነው። ርዝመቱ ከክንዱ ጀርባ 170፣ 172.5 ወይም 175 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተቀርጾ ይገኛል። አጭር እግር ያለው ሰው በ175 ሲነዳና ሲያጎነብስ ጭኑ ወደ ሆዱ ይጠጋል፤ ይህ ለተራ ጋላቢ ድካም ብቻ ሲሆን፣ ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው ለሚሮጥ ሰው ግን ሩጫውንም ይዞበት ይሄዳል።

በሁለት ቁጥር መካከል ያለ ሰው ምን ያድርግ? እኔ ትንሹን እመርጣለሁ። ትንሹን በረጅም አንገት ጥቂት ማስረዘም፣ ኮርቻውንም ከፍ ማድረግ ይቻላልና። ገደብ ግን አለው፤ ኮርቻውን የሚሸከመው ቱቦ ላይ «ከዚህ አታውጣ» የሚል መስመር ተቀርጿል፤ ኮርቻው ከመሪው እጅግ ከፍ ካለም ጀርባ አይችለውም። በጣም በትንሽ ፍሬም ላይ መሪ ሲዞር የጫማ ጫፍ ከፊት ጎማ ጋር ይነካካል፤ ይህም ሳይገዙ በፊት ቆሞ ሊሞከር የሚገባው ነገር ነው። ጸሐፊው ስለ ቁመት የጻፉትን ያህል ስለዚህ ቢጽፉ በተሻለ ነበር።

ክርን ስለሚያርፍበት መሪ ጸሐፊው ሌሞንድን ምስክር ይጠራሉ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን ከቬርሳይ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር ብቻውን ሲጋልብ ከትራያትሎን የመጣውን ይህን መሪ ተጠቅሞ፣ ጠቅላላ ውድድሩን በ8 ሰኮንድ አሸነፈ። መንገዱ ግን ተዘግቶለት ነበር። በእኛ መንገድ ባጃጅ ከየማእዘኑ ይወጣል፣ አህያ ጭነቷን ይዛ መሀል ትቆማለች፣ ወደ አጋሮ በሚወስደው ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ አይሱዙ ከፊት ለፊት ይመጣል፤ ክርን ባረፈበት መሪ ላይ ጣት ከፍሬኑ ርቆ ነው ያለው። ከዚህም በላይ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ መንዳት በሚፈቀድባቸው ውድድሮች፣ የኦሎምፒኩን ጨምሮ፣ የሚፈቀደው ወደ ታች የተጠማዘዘው መደበኛ መሪ ነው። ስለዚህ ያለዚህ መሪ ትራያትሎን የለም ማለት ስሕተት ነው።

የአካል አቀማመጡን ካየንም ጉዳዩ ተመልሶ ልክ ላይ ይወድቃል። የጎዳና ብስክሌት ኮርቻ የሚገባበት ቱቦ ከ72 እስከ 74 ዲግሪ ያጋድላል፤ ለትራያትሎን ብቻ የተሠራው ከ76 እስከ 80 ድረስ ቀና ይላል። እያንዳንዷ ዲግሪ ለእኔ ቁመት ኮርቻውን 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደፊት ታመጣለች። ዓላማው ሰው ክርኑን አሳርፎ ሲያጎነብስ ጭኑ ከሆዱ እንዳይጋጭ ነው። ለዚህ ያልተሠራ፣ በዚያ ላይ ለባለቤቱ የረዘመ ፍሬም ላይ ይህ መሪ ሲታሰር ክርኑ ከትከሻው ፊት ርቆ ይዘረጋል፤ ጋላቢውም ኮርቻው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ልክ የሆነ የጎዳና ብስክሌት ይገዛ፤ መሪው የሚጨመር ዕቃ ስለሆነ ኋላ ይደርሳል።

ስለ ካርቦን የምለው አጭር ነው። ጤናማ ካርቦን ጥሩ ነገር ነው፤ ያገለገለ ካርቦን ጤናማ መሆኑን ማወቅ ግን ከባድ ነው። በሳንቲም መታ መታ አድርጎ የድምፁን መለወጥ ማዳመጥ የተለመደ ነው፤ የተሰነጠቀውን ሁሉ ግን አይናገርም። ብረት ሲጎዳ ይታያል። ከመሪው ቱቦ በታች ቀለሙ ተጨማዶ ወይም አብጦ ከተገኘ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ተጋጭቷል፤ እንዲህ ያለውን መተው ነው። የጅማ ዝናብ ደግሞ ለብረት ጠላት ስለሆነ ኮርቻውን የሚሸከመው ቱቦ ከፍሬሙ ጋር ዝጎ አለመያዙን ነቅንቆ ማየት ያስፈልጋል፤ ከያዘ ልክ የሆነውም ፍሬም ልክ መሆኑ ይቀራል። ክብደቱን በተመለከተ፣ በደልዳላ መንገድ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ የጋላቢውን ጉልበት በዋናነት የሚበላው ነፋስ ነው፤ ነፋሱን የሚቀንሰው ደግሞ ሳይታመም አጎንብሶ መቆየት የሚያስችል ልክ ነው እንጂ ከፍሬሙ የተቀነሰ አንድ ኪሎ አይደለም። ዳገት ላይ ኪሎዋ ትሰማለች፤ ይህን አልክድም።

«ጎማ የትም አይጠፋም» የሚለው ግን ወጥመድ አለበት፤ በተለይ አጭር ቁመት ላላቸው። ቀደም ባሉት ዓመታት የተሠሩ ብዙ የትራያትሎን ብስክሌቶች፣ በተለይ ትንንሾቹ፣ ከመደበኛው ያነሰ ቸርኬ ነበራቸው፤ ሻጮች ይህንንም «26» ይሉታል። ገበያችን ላይ የሚገኘው 26 ግን የተራራ ብስክሌት ጎማ ነው። ጎማው የሚቀመጥበት የተራራው ቸርኬ ዲያሜትር 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእነዚያ 571 ነው፤ በ12 ሚሊ ሜትር ልዩነት ጎማው ከቸርኬው ላይ አይገባም። በትልቁም በኩል የድሮው 27 ኢንች 630፣ የዛሬው የጎዳና ጎማ 622 ነው። ጎማው ጎን ላይ ይህ ባለ ሦስት አኀዝ ቁጥር ታትሞ ስለሚገኝ ከመግዛት በፊት ይነበብ። 571 ከሆነ መለዋወጫ ጎማውን አብሮ የማይሰጥ ሻጭ ብስክሌቱን ለራሱ ይያዘው።

የመጨረሻው ነጥብ አንድ ዙር ነድቶ መሞከር ነው። አንድ ዙር ፍሬኑንና ማርሹን ይነግረናል፤ ልኩን አይነግረንም፤ ያልተስማማ ብስክሌት መቆጥቆጥ የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነውና። አሁን ያለኝን 53 የብረት ብስክሌት ስገዛ ለባለቤቱ መታወቂያዬንና ሙሉውን ገንዘብ አስይዤ አርባ ደቂቃ ፈቃድ ጠየቅሁት። ካቴናውን አስቀድሜ ለክቼዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ጥንድ መጋጠሚያ አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእርሱ ከማርጀት ብዛት ረዝሞ 308 ስለደረሰ ካቴናውም የኋላ ጥርሶቹም እንደሚቀየሩ ነግሬው ከዋጋው ቀንሶልኛል። ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ሃያ ደቂቃ ሄጄ ተመለስሁ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ስደርስ ሰውየው በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከኮርቻው ወርጄ ጣቶቼን ዘርግቼ ጨበጥኋቸው፤ አልደነዘዙም፤ መታወቂያዬን ተቀብዬ ገንዘቡን ተውሁለት።